ኮምፒውተር ድረ ገጽ እያነበበ ስለ ጣና እንዲያውቅ ማስተማር፦ ዝርዝር መመሪያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር እንግዳ ጥያቄው ብዙ ነው። ያ ደሴት ማን ይባላል፤ ገዳሙን ማን አሠራው፤ ይህ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል ወይስ ከሐይቁ ይወጣል ይላል። የአብዛኛው ጥያቄ መልስ በአማርኛ ተጽፎ በየድረ ገጹ ይገኛል፤ ነገር ግን ተበታትኖ እንጂ ኮምፒውተር ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ተደርድሮ አይደለም። ይህ መመሪያ ኮምፒውተር ድረ ገጾችን በራሱ እያነበበ «ናርጋ ሥላሴ በደቅ ደሴት ይገኛል» የመሰለውን ዕውቀት እንዲለቅምና እንዲያከማች እንዴት እንደሚደረግ ያሳያል። አንድ መካከለኛ ላፕቶፕ፣ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መሠረታዊ ችሎታና አማርኛን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ካለ ሥራው ይጀመራል፤ ከሦስቱ የመጨረሻው ከሁሉ የበለጠ ያስፈልጋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ማርቲ ኸርስት የተባለች ተመራማሪ፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ የሚደጋገሙ ጥቂት የአነጋገር ቅርጾችን ብቻ በመከተል የትኛው ነገር ከየትኛው ዓይነት እንደሚመደብ መልቀም እንደሚቻል አሳየች። በ1998 ከጉግል መሥራቾች አንዱ የሆነው ሰርጌይ ብሪን አምስት መጻሕፍትን ከነደራሲያቸው ለኮምፒውተሩ በምሳሌነት ሰጥቶ ከድረ ገጾች ከ15,000 በላይ የመጻሕፍት ዝርዝር ሰበሰበ። በጥር 2010 ደግሞ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በቶም ሚቸል የሚመራ ቡድን «ኔል» የተባለውን፣ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ድረ ገጽ የሚያነብ ፕሮግራም ሥራ አስጀመረ። ኔል ከተማራቸው ነገሮች ይልቅ ደጋግሞ የሚነሣው ስሕተቱ ነው። ፕሮግራሙ ድረ ገጾች በኮምፒውተር ላይ የሚተዉትን «ኩኪ» የተባለ ትንሽ ፋይል ከሚበላው ኩኪ ጋር አምታቶ የተጋገረ ምግብ ነው ብሎ መዘገበ፤ ከዚያም በዚያው መንገድ ገፍቶ የኮምፒውተር ፋይሎችን ሁሉ ከዳቦና ከኬክ ተራ አሰለፋቸው። አንድ የተሳሳተ ዕውቀት ተከታዮቹን እንዴት እንደሚወልድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ከዚህ በታች ያለው ትእዛዝ ሁሉ በአብዛኛው ይህንን ለመከላከል የተቀመጠ ነው።

አንደኛ፤ የሚነበበውን ጉዳይ ማጥበብ

«ስለ ኢትዮጵያ ሁሉንም እንዲያውቅ» ብለው አይጀምሩ። በጣና ዙሪያ ብቻ የተወሰኑ ጥቂት ምድቦችን ይምረጡ፤ ደሴት፣ ገዳም፣ ወንዝ፣ ከተማ፣ የዓሣ ዓይነትና ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃሉ። ከዚያም ምድቦቹን የሚያያይዙ ዝምድናዎችን በወረቀት ይጻፉ፦ ገዳም በደሴት ይገኛል፤ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይገባል፤ ሰው ገዳም አሠራ።

ቀጥሎ የማይደራረቡትን ምድቦች ለኮምፒውተሩ ይንገሩት። ዓሣ ወንዝ ሊሆን አይችልም፤ ሰውም ደሴት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አንድ ስም በሁለቱም በኩል ሲመጣ ፕሮግራሙ መጠራጠር አለበት። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የአገሩን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። ደሴትንና ገዳምን እንደማይደራረቡ ምድቦች ካስቀመጡ ጣና ቂርቆስም ሆነ ዳጋ እስጢፋኖስ ከዝርዝርዎ ይወጣሉ፤ ምክንያቱም እነዚህ ስሞች በሰዎች አነጋገር ደሴቱንም ገዳሙንም ይጠሩበታል። እንዲሁም «ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ዓባይ ነው» የሚለው ሕግ ለወንዝ እውነት ቢሆንም፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ወዳለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሚሄደው የሐይቁ ውኃ በዋሻ አልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይፈስሳል። ሕጉን ያለ ማመቻመች ያጠበቀ ሰው ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር እንደ ስሕተት ቈጥሮ ይጥላል።

ሁለተኛ፤ ጽሑፉን መሰብሰብ

ሁሉንም ከባዶ መልቀም አያስፈልግም። የአማርኛ ውክፔዲያ ሙሉ ይዘቱ በነጻ ይወርዳል፤ ኮመን ክሮል የተባለው ተቋም ደግሞ ከዓለም ድረ ገጾች በየጊዜው የሚሰበስበውን ክምችት ለማንም ክፍት ያደርጋል። ከነዚህ ውጭ ያለውን ድረ ገጽ በራስዎ ፕሮግራም ሲያነብቡ፣ ባለቤቱ ለአንባቢ ፕሮግራሞች የፈቀደውንና የከለከለውን የሚገልጸውን ፋይል አስቀድመው ይመልከቱ፤ በአንድ ጥያቄና በሚቀጥለው መካከልም ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቁ። የወረደውን ገጽ ሳይነኩ፣ ከአድራሻውና ከተወሰደበት ቀን ጋር ለብቻው ያስቀምጡት፤ በኋላ የማጽጃው ኮድ ስሕተት ሲገኝበት፣ መገኘቱም አይቀርም፣ ወደ ጥሬው መመለስ የሚቻለው በዚህ ነው።

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሁሉ አማርኛ አይደለም። ትግርኛ በዚሁ ፊደል ይጻፋል፤ የገዳማት ታሪክ የያዙ ገጾችም በግዕዝ ንባብ የተሞሉ ናቸው። ለመለየት ትልልቆቹን ቃላት ሳይሆን ትንንሾቹን መቍጠር ይሻላል፤ «ነው»፣ «ነበር»፣ «ውስጥ»፣ «ግን» የሚበዙበት አማርኛ ነው፤ «እዩ» እና «ኣብ» የሚበዙበት ትግርኛ ነው።

ሦስተኛ፤ ማጽዳት

የገጹን ማውጫ፣ ማስታወቂያና ግርጌ አስወግደው ዋናውን ጽሑፍ ያስቀሩ። የግዕዝ ፊደል፣ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በአንድ የጋራ ሥርዓት በሚመዘግበው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት በየራሳቸው ፎንት የተሠሩ ሰነዶች ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆነው ይታያሉ፤ ለመጀመሪያው ሥራ እነዚህን መተው ነው።

ዓረፍተ ነገርን በአራት ነጥብ መክፈል ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው «።» በሚጻፍበት ቦታ ሁለት ነጥብን ደግሞ «፡፡» ይጽፋል፤ ሌላው የላቲኑን «::» ይጠቀማል። ሦስቱንም ወደ አንድ ይለውጡ። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ውስጥ ያለችው ነጥብ ግን ዓረፍተ ነገር እንዳትቈርጥ አስቀድመው ይጠብቋት።

ከማጽዳት ሥራ ሁሉ ክብደት ያለው ድግግሞሽን ማስወገድ ነው። ጣና 37 ደሴቶች አሉት የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ቃል በቃል እየተገለበጠ በብዙ ቦታ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ይህንን እንደ ብዙ ምስክር ከቈጠረው ተሳስቷል፤ ምስክሩ አንድ ነው፣ የተቀሩት አስተጋቢዎች ናቸው። ስለዚህ በተከታታይ ሰባት ወይም ስምንት ቃላት የሚመሳሰሉ አንቀጾችን በአንድ ቤት ሰብስቦ አንድ ጊዜ ብቻ መቍጠር ያስፈልጋል።

አራተኛ፤ ስምን ከቃል መለየት

በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ቃል በቃል ተከትሎ የሚሠራ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይውሰዱ።

የመጀመሪያው ችግር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ከተማችን «ባሕር ዳር»፣ «ባህር ዳር»፣ «ባሕርዳር»፣ «ባህርዳር» ተብላ ትጻፋለች፤ ሁሉም አንድ ናቸው። መፍትሔው ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠን ወደ አንድ፣ አ እና ዐን ወደ አንድ፣ ጸ እና ፀንም ወደ አንድ የሚመልስ የተጓዳኝ ቅጂ ማዘጋጀት ነው። ፍለጋው በዚህ ቅጂ ይካሄድ፤ የተጻፈው ግን እንደተጻፈ ይቀመጥ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ዓባይ» ወደ «አባይ» ሲለወጥ ወንዙ ከውሸታሙ ጋር አንድ ስም ይሆናል፤ «አባይ ጠንቋይ» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ፕሮግራም ስለ ወንዙ ምን ሊመዘግብ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። በተጨማሪም «ባሕር ዳር» ሁለት ቃል በመሆኑ «ከባሕር ዳር ቆሞ» የሚለው ሐረግ ስለ ከተማዋ ይሁን ስለ ማንኛውም የባሕር ጠረፍ በዙሪያው ያሉት ቃላት ካልተነበቡ አይታወቅም።

ሁለተኛው ችግር በስም ላይ የሚጣበቁ ፊደላት ናቸው። «የርብ»፣ «በርብ»፣ «ከርብ»፣ «ርብን»፣ «ርብና» ሁሉ ርብ ወንዝ ናቸው፤ ስለዚህ የ፣ በ፣ ለ እና ከ ከፊት፣ ን፣ ና እና ም ከኋላ መነሣት አለባቸው። እኛ በመጀመሪያው ሙከራችን ይህንን ያለ ገደብ ስናደርገው ፕሮግራሙ «ለስ» የተባለ ወንዝ አገኘ፤ በለስን «በ» እና «ለስ» ብሎ ከፍሎት ነበር። ከሚሴና የጁም በዚያው ቢላ ይታረዳሉ። ትክክለኛው አካሄድ አስቀድሞ ሙሉውን ቃል በታወቁ ስሞች ዝርዝር ውስጥ መፈለግ፣ ከተገኘ እንዳለ መተው፣ ካልተገኘ አንድ ፊደል ብቻ አንሥቶ እንደገና መፈለግ ነው። በዚህ መንገድ «የበለስ» ከሚለው «የ» ይነሣል፣ «በለስ» ከዝርዝሩ ይገኛል፣ ቢላውም እዚያው ይቆማል። በለስ ፍሬም መሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ይኸኛው በምድብ ሕጎቹ ይያዛል። ለግሥ መተንተኛ የማይክል ጋሰር «ሆርንሞርፎ» የተባለ፣ አማርኛንም የሚያውቅ ነጻ ፕሮግራም ስላለ እሱን መጠቀም ከአዲስ ከመጻፍ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ ምንጊዜም ረጅሙን ስም ማስቀደም ነው። ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል፤ ዓባይ ከጣና ይወጣል። «ግልገል» የሚለውን ቃል ተራ ቅጽል መስሎት የዘለለ ፕሮግራም ዓባይን ወደ ሐይቁ መልሶ ያፈስሰዋል።

አምስተኛ፤ ዘር መዝራት

ለእያንዳንዱ ምድብ ከ10 እስከ 15 የማያጠራጥሩ ምሳሌዎችን ያዘጋጁ፤ እነዚህን ዘር እንላቸዋለን። ለወንዝ ርብን፣ ጉማራን፣ መገጭንና ግልገል ዓባይን፤ ለደሴት ደቅን፣ ዳጋን፣ ክብራንንና እንጦስን፤ ለገዳም ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምንና ናርጋ ሥላሴን፤ ለዓሣ ቀረሶንና አምባዛን አስቀድመው ያስገቡ፤ በጣና ዙሪያ ያለው ካልሞላልዎ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ይጨምሩ። ከዚሁ ጋር «ይህ አይደለም» የሚሉ ምሳሌዎችንም ይስጡ። ዘጌን ደሴት ብሎ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም፤ ዘጌ ግን ከየብስ ጋር የተያያዘ ባሕረ ገብ ምድር ስለሆነ «ደሴት ያልሆነ» ተብሎ ከመጀመሪያው መመዝገብ አለበት።

ኮምፒውተሩ ዘሩን ይዞ ጽሑፉን ያስሳል፤ ስሞቹ በየትኞቹ ቃላት መካከል እንደሚገኙም ያስተውላል። በአማርኛ ፍሬያማ ሆነው ያገኘኋቸው ቅርጾች «እንደ ቀረሶና አምባዛ ያሉ ዓሦች»፣ «እገሌ የተባለው ደሴት»፣ «በእገሌ ደሴት የሚገኘው የእገሌ ገዳም»፣ «ወደ ጣና ከሚገቡ ወንዞች መካከል» የሚሉት ናቸው። የመጀመሪያው ማርቲ ኸርስት በእንግሊዝኛ ከለየችው ጋር አንድ ሥራ የሚሠራ ቢሆንም፣ በእኛ ቋንቋ ስሞቹ «እንደ» እና «ያሉ» በሚሉት ቃላት መካከል ስለሚታቀፉ ከሁለቱም ወገን መያዝ ይቻላል፤ ይህም የአማርኛ አንባቢ ፕሮግራም ሠሪ ከሚያገኛቸው ጥቂት ዕድሎች አንዱ ነው።

ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። «ይህ ወንዝ ወደ ጣና ሐይቅ» የሚለውን አይቶ የቸኰለ ፕሮግራም «አይገባም»፣ «ይገባ ነበር»፣ «ይገባል ቢባልም» የሚሉት መጨረሻዎች ይሸውዱታል። ስለዚህ የትኛውም ቅርጽ የዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ግሥ ሳያካትት ተቀባይነት አያግኝ። በዚህ ላይ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ «ወንዙ ወደ ጣና ይገባል» እና «ለጣና ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» የሚሉት ሁለቱ «ይገባል» በጽሑፍ አንድ ናቸው። ስለ እምቦጭ የተጻፈ ማናቸውም ጽሑፍ በሁለተኛው ዓይነት የተሞላ ነው። «ወደ» ከስሙ በፊት ከሌለ ቅርጹን አይቀበሉ፤ ከፊቱ ያለው ግሥ በ«ሊ» ወይም በ«ሊያ» ከጀመረም ይጣሉት።

ስድስተኛ፤ መመዘን

እያንዳንዱ የተገኘ ቅርጽ ነጥብ ይሰጠው። ለምሳሌ አንድ የደሴት ቅርጽ 20 ስሞችን አምጥቶ ከእነርሱ 12ቱ ቀድሞ የታወቁ ደሴቶች፣ 2ቱ የታወቁ ደሴት ያልሆኑ፣ 6ቱ ደግሞ አዲስ ቢሆኑ፣ ነጥቡ 12ን ለ14 በማካፈል 0.86 ገደማ ይሆናል። እኔ ከ0.8 በታች ያለውን ቅርጽ አልቀበልም። አዲሱ ስም ደግሞ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቅርጾች፣ ከሁለት እርስ በርስ ካልተገለባበጡ ገጾች መምጣት አለበት። የተቀበሏቸው ስሞች ከዘሩ ጋር ተጨምረው ፍለጋው እንደገና ይካሄዳል፤ ይህንን ዙር እንለዋለን፤ በአንድ ዙር የሚጨመረውም ጥቂት ይሁን።

ይህን ጥንቃቄ ትተን የሠራንበት ጊዜ ነበር። ፕሮግራሙ «የደቅ ጉብኝት»፣ «የክብራን ጉብኝት» የሚሉ ሐረጎችን ደጋግሞ በማየቱ ከ«ጉብኝት» በፊት የሚመጣ ሁሉ ደሴት ነው ብሎ ደመደመ፤ በሦስተኛው ዙር ጢስ ዓባይ፣ በአራተኛው ደግሞ «ፕሬዚዳንቱ» በጣና ደሴቶች ዝርዝር ውስጥ ገቡ። ሰውና ደሴት አይደራረቡም የሚለው ሕግ ይህንን ሊያግደው ይገባ ነበር፤ ያላገደው «ፕሬዚዳንቱ» የሚለው ቃል ሰው መሆኑን ማንም ለፕሮግራሙ ስላልነገረው ነው። ከዚያ ወዲህ የሹመትና የሙያ መጠሪያዎችን ዝርዝር ከሰው ምድብ ዘር ጋር አብረን እናስገባለን።

ሰባተኛ፤ ዕውቀቱን ከነምንጩ ማስቀመጥ

አንድ ዕውቀት በሦስት ክፍል ይጻፋል፦ ናርጋ ሥላሴ፣ በ ይገኛል፣ ደቅ። ከእርሱ ጋር የተገኘበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ የገጹ አድራሻ፣ የተነበበበት ቀንና ነጥቡ አብረው መቀመጥ አለባቸው። ዓረፍተ ነገሩ የሌለው ዕውቀት በቋቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

አማርኛ ጸሐፊ የሰማውንና ያየውን የሚለይበት አነጋገር አለው፤ «ይባላል»፣ «ይነገራል»፣ «ተብሎ ይታመናል» ይላል። ታቦተ ጽዮን በጣና ቂርቆስ ለረጅም ዘመን እንደቆየች የሚነግረን ትውፊት በዚህ አነጋገር ነው የሚጻፈው። እቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴን ማሠራታቸው ግን በቀጥታ ይገለጻል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን በአንድ ረድፍ ካሰፈራቸው ጸሐፊው ያልተናገረውን አናግሮታል። ስለዚህ «ትውፊት»፣ «ቀጥተኛ» እና «ጥርጥር» የሚል አንድ ተጨማሪ ዓምድ ያክሉ፤ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ በማየት ብቻ አብዛኛው ይሞላል።

ዓመተ ምሕረትም የራሱ ወጥመድ አለው። ዩኔስኮ የጣና ሐይቅን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የመዘገበው በሰኔ ወር ነው፤ አንዱ ገጽ 2007፣ ሌላው 2015፣ ሦስተኛው ደግሞ ፳፻፯ ብሎ ቢጽፍ ሦስቱም ትክክል ናቸው። የግዕዙን ቍጥር ወደ ተለመደው ይለውጡ፤ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ከአጠገቡ መኖሩን ይመዝግቡ፤ ወሩ ከታወቀ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን አስልተው ያስተካክሉ። በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የሚወድቁትን ጥቂት ቀናት በእጅ ማየት ይበጃል። የዘመን አቈጣጠሩ ያልተገለጸ ቍጥር ሳይለወጥ፣ «ያልታወቀ» ተብሎ ይቀመጥ።

የሐይቁ ስፋት እንደየጽሑፉ ከ3,000 እስከ 3,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ቢገኝ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አያስፈልግም፤ ውኃው ከክረምት እስከ በጋ ይሰፋል፣ ይጠባል። ከነምንጫቸው ሁሉንም ይያዙ።

ስምንተኛ፤ ሰው ማሳተፍና መለካት

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ከአዲሶቹ መካከል በዕጣ የተነሡ 30 ያህል ዕውቀቶችን ለሰው ያሳዩ። የኔል ሠሪዎችም ፕሮግራማቸውን ጨርሶ ብቻውን አልተዉትም ነበር። የዓሣ ስም ከሆነ በታንኳ የሚያጠምድ ሰው፣ የገዳም ነገር ከሆነ የገዳሙ አባት ከማንኛችንም በላይ ያውቃሉ፤ «አባቴ፣ ይህ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፣ ልክ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሲሆን የብዙ ቀን ስሌት ያድናል።

ለመለካት ሁለት ቍጥሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ከተሰበሰበው ስንቱ ትክክል ነው የሚለው ነው፤ ለዚህ 100 ዕውቀቶችን በዕጣ አውጥተው ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ያርሙ፤ ያልተስማሙበትን ሦስተኛ ሰው ይይ። ሁለተኛው ሊገኝ ከሚገባው ስንቱ ተገኘ የሚለው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሥራው ሳይጀመር 50 ዕውቀቶችን በእጅ ጽፈው ያሽጉና ከዘሩ ጋር ሳይቀላቅሉ በመጨረሻ ያመሳክሩ። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛው ቢያንስ አይደንግጡ፤ የተገላቢጦሹ ነው የሚያስፈራው።

ስለ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች

ዛሬ ይህን ሁሉ ትቶ ጽሑፉን ለትልቅ የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ለጥያቄ በጽሑፍ ለሚመልስ ፕሮግራም፣ ሰጥቶ «ዕውቀቱን አውጣልኝ» ማለት ይቻላል፤ ለቅርጽ ፍለጋው በእርግጥም ያግዛል። ችግሩ ሞዴሉ በጽሑፉ ውስጥ ያነበበውንና ከሌላ ቦታ የሚያውቀውን፣ አንዳንዴም የፈጠረውን፣ በአንድ ድምፅ መናገሩ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መልስ ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል እንዲጠቅስ ያድርጉና የጠቀሰው በእርግጥ በገጹ ውስጥ መኖሩን በተራ የፊደል ንጽጽር ያረጋግጡ። ከሌለ መልሱ ይጣላል፤ ትክክል ቢመስልም።

ከዚያ በኋላ

ፕሮግራሙን በየሦስት ወሩ በአዲስ ጽሑፍ ላይ ያስኪዱ። ስሕተት ተገኝቶ አንድ ዕውቀት ሲሰረዝ ግን ብቻውን አይሰረዝም፤ በእርሱ ምክንያት ነጥብ ያገኙ ቅርጾች እንደገና ይመዘናሉ፣ በነዚያ ቅርጾች የገቡ ስሞችም ወደ ተጠርጣሪ ዝርዝር ይመለሳሉ። እኛ «ፕሬዚዳንቱ»ን ከደሴቶች መካከል ስናወጣ ሌሎች 11 «ደሴቶች» ተከትለውት ወጡ፤ ከእነርሱ አንዱ «የሥራ» የሚል ነበር።